ከስልክ ወደ እጅ፦ ኦቲዝምና ዳውን ሲንድሮም ያለባቸውን ልጆች በቪዲዮ ስለማስተማር
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጄ ኦቲዝም አለበት። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ካየ ቃል በቃል ይደግመዋል። እጁን ሲታጠብ ግን «ክፈት፣ ሳሙና ያዝ፣ እሸው» እያልኩ ካላዘዝኩት ቧንቧው ሥር ቆሞ ውኃውን ያያል። በቪዲዮ ማስተማር ይቻላል ሲባል ሰማሁ። እንዴት ነው የሚደረገው?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ማስታወቂያውን መድገሙ ጥሩ ምልክት ነው፤ ከስክሪን ላይ አይቶ መያዝ ይችላል ማለት ነው። ዘዴው የሚጠቅመው ለአንድ ደቂቃ ያህል ስክሪን ላይ ማተኮር ለሚችልና ቀላል እንቅስቃሴ አይቶ ለሚኮርጅ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አምስት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የተሳተፉበት ጥናት ታትሞ ነበር። ጥናቱ ፊት ለፊት በሰው ማሳየትንና በቪዲዮ ማሳየትን ሲያነጻጽር፣ ልጆቹ በቪዲዮ ያዩትን በአብዛኛው ቶሎ ይዘውታል። ሰው ሲያሳይ እጁ፣ ድምፁና ፊቱ በየጊዜው ይለያያል። ቪዲዮ አሥር ጊዜ ቢታይ ያው ነው።

የልጅዎ ችግር መታጠብ አለማወቅ ብቻ አይመስለንም። ትእዛዝዎ ከድርጊቱ ደረጃዎች አንዱ ሆኗል፤ «ክፈት» እስኪባል ይጠብቃል። ስለዚህ የቪዲዮው ዋና ጥቅም የእርስዎን ድምፅ መተካቱ ነው።

ከመቅረጽዎ በፊት ድርጊቱን በወረቀት ይከፋፍሉት፦ ቧንቧ መክፈት፣ እጅ ማርጠብ፣ ሳሙና ማንሳት፣ መዳፍ ማሸት፣ የእጅ ጀርባና የጣቶች መሐል ማሸት፣ ሳሙናውን መመለስ፣ ማለቅለቅ፣ ቧንቧ መዝጋት፣ በፎጣ ማድረቅ። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ምንም ሳይናገሩ ይመልከቱትና ብቻውን የሚያደርጋቸውን ምልክት ያድርጉባቸው። ቧንቧው ጠንክሮ መዞር ካቃተው ቪዲዮ አይፈታውም። መጀመሪያ ቧንቧውን ያሠሩ፤ ቤታችሁ ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ በሚጠቀምበት ጀሪካንና ጆግ ይቅረጹ።

ስልኩን አግድም ይያዙና ከሚታጠበው ሰው ትከሻ በላይ ሆነው ወደ ታች ይቅረጹ። ልጁ የራሱን እጅ እንደሚያየው አድርጎ ስክሪኑ ላይ እጅና ቧንቧ ብቻ ይታይ። የሚታጠበው ሰው ሰዓት፣ ቀለበትና አምባር ያውልቅ፤ ከጀርባ ያለው ባለ ቀለም ባልዲም ይነሳ። እዚህ ላይ አጥብቀን የምንናገረው በምክንያት ነው። ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከምስሉ አንዲት ነገር መርጠው እሷ ላይ ይቀራሉ፤ ቀይ አምባሩን ያየ ልጅ ሳሙናውን ላያየው ይችላል። ሙዚቃ አይጨምሩ። ማሸቱ 20 ሰከንድ ይቆይ፤ ሙሉው ቪዲዮ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥ። ድምፅ ባይኖረው ይመረጣል። ቃል ካስፈለገ ልጁ ራሱ ሊለው በሚገባው መንገድ ይቅዱት፦ «ሳሙና አነሳለሁ»። «ሳሙና አንሳ» ብለው ከቀዱት «ሳሙና አንሳ» እያለ ይደግማል።

ጊዜው በእውነት እጅ የሚታጠብበት ሰዓት ይሁን፤ ከምሳና ከእራት በፊት ይበቃል። ቧንቧው አጠገብ ቪዲዮውን አንዴ ያሳዩት፣ ስልኩን ኪስዎ ያስገቡና ዝም ይበሉ። አንዱ ደረጃ ላይ ከቆመ በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ። ካልቀጠለ ከኋላው ሆነው እጁን በቀስታ ወደ ነገሩ ይምሩት። አፍዎን ግን አይክፈቱ! ከባዱ ይህ ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥ ሥራው የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። «ጎበዝ» የሚለው መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ስልኩን ለሌላ ቪዲዮ እንዳይፈልገው ዳታውን ያጥፉ። አንድሮይድ ላይ አፕ ፒኒንግ፣ አይፎን ላይ ጋይድድ አክሰስ የሚባለው ማስተካከያ ከቪዲዮው እንዳይወጣ ይቆልፍልዎታል። በተከታታይ አምስት ስድስት ጊዜ ምንም ለውጥ ካላዩ ስክሪኑን በትክክል እያየ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ከዚያ ያቃተውን ደረጃ ብቻ ቀርበው እንደገና ይቅረጹ።

ብቻውን መሥራት ሲጀምር ቪዲዮውን ከመጨረሻው በኩል ያሳጥሩ፦ መጀመሪያ ማድረቁን፣ ቀጥሎ ቧንቧ መዝጋቱን፣ ከዚያ ማለቅለቁን እያወጡ፣ በመጨረሻ ቧንቧ የሚከፍት እጅ ብቻ እስኪቀር። ካልቀነሱት የእርስዎን ትእዛዝ ሲጠብቅ የነበረው ልጅ ስልክ ጠባቂ ይሆናል። የአያቱ ቤት ቧንቧ የተለየ ከሆነ እዚያም አንድ ቪዲዮ ይቅረጹ።

ጥያቄ፦ ዳውን ሲንድሮም ያለባትን የ17 ዓመት ተማሪዬን ሻይ ማፍላት ለማስተማር የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ሠራሁ። በደስታ ታየዋለች፤ ስትሠራ ግን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ይዛ መሐሉን ትረሳለች። ምን ላድርግ?
የልዩ ፍላጎት መምህርት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ቪዲዮውን ይቆራርጡት። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ተማሪዎች በአብዛኛው ከሚሰሙት ይልቅ የሚያዩትን ይይዛሉ፤ ረጅም ቅደም ተከተል በአንድ ጊዜ መያዝ ግን ይከብዳቸዋል። እያንዳንዱን ደረጃ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ያድርጉት፤ አንዱን ታያለች፣ ታቆማለች፣ ትሠራለች፣ ተመልሳ የሚቀጥለውን ትነካለች። ስልኩ እንፋሎት በማይደርስበት ቦታ በዓይኗ ትክክል ይቁም። «ቀጣይ» የሚለውን መንካት ራሱን የቻለ ትምህርት ነውና ከሻዩ በፊት በሌላ ቀላል ሥራ ያለማምዷት። ከተሳሳተች ያንኑ ቁራጭ አንዴ ደግመው ያሳዩ፤ ከዚያ ነው በእጅ መርዳት። ስትለምድ ሁለት ሁለቱን አጋጥመው አንድ ያድርጓቸው።

የምትለካውን ነገር ዓይን የሚያየው ያድርጉላት። ማንቆርቆሪያው ውስጡ ስለማይታይ ግልጽ ጆግ ይጠቀሙ፣ አራት ብርጭቆ ውኃ የሚደርስበት ላይ ፕላስተር ይለጥፉ። ሻይ ቅጠሉን በአንድ ማንኪያ፣ ቀረፋና ቅርንፉዱን በትንሽ ዕቃ አስቀድመው ለይተው ያስቀምጡ።

አንድ ቦታ ላይ ቪዲዮዎ ራሱ ሊያሳስት ይችላል። ውኃው እስኪፈላ ያለውን ጊዜ ቆርጠው ካወጡት፣ ስክሪኑ ላይ ማንቆርቆሪያው ተጥዶ ወዲያው ቅጠል ይጨመርበታል። ተማሪዋም ያየችውን ታደርጋለች፤ በቀዝቃዛ ውኃ ላይ ቅጠል ትጨምራለች። ስለዚህ «መጠበቅ» የራሱ ቁራጭ ይኑረው፦ ክዳኑ ተነስቶ የሚንተከተክ ውኃ ይታይ፣ ቀጥሎ ቅጠል የያዘ ማንኪያ። ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዞ ወደ ራስ ሳይሆን ወደ ሌላ አቅጣጫ መክፈትም በዚሁ ይካተት። እንዲያም ሆኖ ቪዲዮ የእሳትን አደጋ አያስተምርም። ምድጃው ጠፍቶ በቀዝቃዛ ውኃ ሙሉውን ቅደም ተከተል ያለ ስህተት ደጋግማ እስክትሠራ አያብሩት፤ ሲያበሩም በክንድ ርቀት አጠገቧ ይቁሙ።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄን መጸዳጃ ቤት መጠቀም በዚሁ ዘዴ ላስተምረው እችላለሁ? እሱን ራሱን ልቅረጸው?
አባት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ዘዴውን መጠቀም ይችላሉ፤ ራቁቱን ግን ፈጽሞ አይቅረጹት። ራሱን ማየት የሚወድ ከሆነ ልብሱን እንደለበሰ በሩን ሲከፍት፣ ሲቀመጥ፣ ውኃ ሲለቅና እጁን ሲታጠብ ይቅረጹ። እየረዱት ከነበረ እጅዎ የሚታይበትን ቆርጠው ያውጡ፤ ልጁ ብቻውን ሲሳካለት ያያል። ሱሪ ማውረዱንና መጥረጉን በአሻንጉሊት ያሳዩ። ከመቅረጽዎ በፊት ስልክዎ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ ወደ ጉግል ፎቶስ የሚልክ ከሆነ ያጥፉት፤ ቪዲዮውንም በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ አይላኩ። መምህሩ ካስፈለገው ትምህርት ቤት ሲሄዱ ከስልክዎ ያሳዩት፤ ልጅዎ ሲለምድ ደግሞ ቪዲዮውን ያጥፉት።