«ትሪውን ከእጁ ወሰደችው»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጭንቀት ይዤ መጣሁ።

የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቁ አራተኛ ክፍል ነው፤ ትንሿ ትምህርት ቤት አልደረሰችም። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ነኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ የማታ ሺፍት እሠራለሁ። ረቡዕና አርብ ለልጄ የጾም ምሳ አስርለታለሁ። በሌሎቹ ቀናት የሚበላው ትምህርት ቤት ነው። አምና ፉድ ስታምፕ (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ የሚሰጠው የምግብ ድጎማ) ስለነበረን ምሳው በነፃ ነበር። ምንም የሞላነው ፎርም አልነበረም። በሰመር ባለቤቴ ሥራ ሲበዛለት ፉድ ስታምፑ ተቋረጠ። ትምህርት ሲከፈት ግን ልጁ እንደ አምናው መብላቱን ቀጠለ። እኛም ዘንድሮም በነፃ ነው ብለን ተቀመጥን።

ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት መጣና ቦርሳውን ጥሎ ፍሪጁን ከፈተ። «ምሳ አልበላህም እንዴ?» ስለው ዝም አለ። የሆነውን የነገረኝ ማታ ሊተኛ ሲል ነው። ዶሮና ሩዝ አንስቶ ካሸሯ ጋ ደረሰ። የምሳ ሒሳብ ቁጥሩን ሲያስገባ ማሽኑ ጮኸ። «ዕዳ አለብህ፤ እናትህ ገንዘብ እንድትልክ ንገራት» አለችው። ትሪውን ከእጁ ወሰደችው። ምግቡን ዓይኑ እያየ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችና ቀዝቃዛ የቺዝ ሳንዱች ሰጠችው። ከኋላው የተሰለፉት የክፍሉ ልጆች ሁሉ አይተዋል። ሳንዱቹን ሳይነካው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ምሳ መሰለፍ አቁሟል። «አልራበኝም» ይላል። ምሳ ላስርልህ ስለው እሺ ይላል፤ ነገር ግን ምሳ ዕቃው እንደሄደ ይመለሳል። ደውዬ ስጠይቅ ዕዳው ወደ 50 ዶላር ደርሷል። ማስታወቂያውን በኢሜይል ስንልክ ነበር አሉኝ።

ባለቤቴ ዕዳውን እከፍላለሁ፣ የነፃ ምሳ ፎርም ግን አልሞላም ብሏል። «ለልጄ ምሳ አልለምንም» ነው የሚለው። ገቢያችንም ከተፈቀደው በላይ ነው ብሎ ያምናል። በዚያ ላይ ለዜግነት አመልክቷል፤ ስሙ ከመንግሥት እርዳታ ጋር እንዲነሳ አይፈልግም። ሚኒሶታ ያለችው እህቴ ደግሞ «የምን የምሳ ዕዳ ነው? እዚህ ሁሉም ልጅ በነፃ ይበላል» ብላ ተገረመች። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከሁሉም በላይ አስደነገጠችኝ። የምሳ ዕዳ ያልከፈለ ወላጅ ልጁን ሊወስዱበት ይችላሉ አለችኝ። እውነት ነው? ትምህርት ቤቱን ብናገርስ ልጄን አይጠምዱብኝም? እባክዎ ምን ላድርግ?

የጨነቃት እናት፣ ከቨርጂኒያ

መልስ

እህቴ፣ በልጅሽ ላይ የተደረገው ነገር ልክ አይደለም። ዕዳው ትክክለኛ ዕዳ ቢሆንም እንኳ ልክ አይደለም። የአራተኛ ክፍል ልጅ ከማንም ጋር ውል አልገባም። የምሳ ሒሳብ በትልልቅ ሰዎች መካከል ያለ ጉዳይ ነው። እዚያው በትልልቅ ሰዎች መካከል መቅረት ነበረበት።

ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። የምትኖሪበት የቨርጂኒያ ሕግም ይህንኑ ይላል። የትምህርት ቤት ሠራተኞች ስለ ምሳ ዕዳ መነጋገር ያለባቸው ከወላጅ ጋር ነው። ደብዳቤውን በልጁ በኩል መላክ ይችላሉ፤ የሚጻፈው ግን ለወላጅ ነው። ዕዳ ያለበትን ልጅ ሥራ ማሠራት፣ እጁ ላይ ማኅተም መምታት ወይም ምልክት የሚሆን አምባር ማሰር ክልክል ነው። ወላጅን በምሳ ዕዳ ፍርድ ቤት መክሰስም አይችሉም። «ለእናትህ ንገራት» የሚለው የካሸሯ ንግግር እንግዲህ ከዚህ ሕግ ጋር የሚጋጭ ነው።

ማኅተምና አምባር በሕግ መከልከሉ ሊገርምሽ ይችላል። የተከለከለው ሲደረግ ስለኖረ ነው። በተለያዩ ስቴቶች የልጆች ክንድ ላይ «የምሳ ገንዘብ እፈልጋለሁ» የሚል ማኅተም ይመታ ነበር። ጠረጴዛ የጠረጉ ልጆችም ነበሩ። ይህን ዓይነት ማዋረድ በሕግ በመከልከል ኒው ሜክሲኮ በ2017 ቀዳሚ ሆነች። ሌሎች ስቴቶች ተከተሏት። ቨርጂኒያም በዓመቱ የራሷን አወጣች።

ትሪውን ነጥቆ መጣሉ ግን ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። አንድ ጊዜ ለልጅ የተሰጠ ምግብ ተመልሶ ለሌላ አይሸጥም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ያንን ዶሮና ሩዝ ሲጥለው አንድ ሳንቲም አላተረፈም። እንዲያውም ሳንዱቹን ጨምሮ ከሰረ። ያተረፈው ነገር ቢኖር የአንድ ልጅ እፍረት ነው። በእርግጥ ትምህርት ቤቶቹም ችግር አለባቸው። በፌዴራል ደንብ መሠረት ለምግብ አገልግሎት የተመደበው ገንዘብ ያልተከፈለ የምሳ ዕዳ ለመሰረዝ አይውልም። የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው ዲስትሪክት ጉድለቱን ከሌላ ቦታ መሸፈን አለበት። ለዚህ ነው ዕዳውን አጥብቀው የሚያሳድዱት። ያሳድዱ! ግን እኛን፣ ወላጆችን ያሳድዱ።

ዕዳው እንዴት እንደመጣ ልንገርሽ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነውና። ፉድ ስታምፕ ያለው ቤተሰብ ልጅ ፎርም ሳይሞላ በቀጥታ ነፃ ምሳ ያገኛል። መረጃው ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ይተላለፋል። በአዲሱ የትምህርት ዓመት ደግሞ የአምናው መብት ለመጀመሪያዎቹ 30 የትምህርት ቀናት ይቀጥላል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ አዲስ ፎርም ካልገባ ወይም መብቱ በሌላ መንገድ ካልታደሰ ልጁ ሙሉ ዋጋ ከፋይ ይሆናል። ኦክቶበር ላይ ማለት ነው። ልጁ የሚያውቀው ነገር የለም። እንደ ትናንቱ ይሰለፋል፣ እንደ ትናንቱ ይበላል፤ ሒሳቡ ግን መቁጠር ጀምሯል። ይህን የሚያነቡ ወላጆች ሁሉ ፉድ ስታምፓቸው ከተቋረጠ የምሳውን ነገር በዚያው ቀን ይጠይቁ።

አሁን ወደ ፎርሙ። ዓመቱን ሙሉ በማንኛውም ቀን ማስገባት ይቻላል፤ አልረፈደባችሁም። ለቤተሰቡ በሙሉ አንድ ፎርም ይበቃል። በአማርኛ የተተረጎመም አለ።

ባለቤትሽ ገቢያችን ያልፋል ያለው በምን ሒሳብ እንደሆነ ጠይቂው። ለ2025–26 የትምህርት ዓመት አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ ዓመታዊ ገቢው እስከ 41,795 ዶላር ከሆነ ምሳው ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። እስከ 59,478 ዶላር ከሆነ ደግሞ ቅናሽ ያገኛል። የቅናሽ ምሳ ከ40 ሳንቲም፣ ቁርስ ከ30 ሳንቲም መብለጥ አይችልም። ያንቺ ደሞዝ የሚቆጠረው ታክስ ሳይቀነስ ነው። የእሱ ግን ይለያል። ኡበር የሚነዳ ሰው የግል ሥራ ያለው ስለሆነ የሚጻፈው ወጪው ከተቀነሰ በኋላ የቀረው ነው። ቤንዚን፣ ጥገና፣ ኢንሹራንስ ይቀነሳል። ብዙ ሾፌሮቻችን አፑ ላይ የሚያዩትን ጠቅላላ ቁጥር ይዘው «ገቢያችን ያልፋል» ብለው ፎርሙን ይተዋሉ። ታክስ ስትሠሩ ያወጣችሁትን ወረቀት አውጡና አብራችሁ ቁጠሩ።

ስለ ዜግነቱ፦ ፎርሙ ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታ አይጠይቅም። የሚፈርመው አዋቂ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን የመጨረሻ አራት አኃዞች ብቻ ይጽፋል። ቁጥር የሌለው ሰው «የለኝም» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። አንቺው ብትፈርሚም ይሆናል። ልቡ ካላረፈ ጉዳዩን የያዘለትን ጠበቃ አንድ ጥያቄ ይጠይቀው።

የሚከብደው «አልለምንም» ያለው ነው። ይህን ቃል አልንቀውም። በላቡ የሚኖር አባት ነው የተናገረው። ግን እንዲህ በይው። ይህ ፕሮግራም በ1946 በሕግ የቆመ ነው፤ የሚሸፈነውም እናንተ ሁለታችሁ በምትከፍሉት ታክስ ጭምር ነው። ልጃችሁ ትምህርት በጀመረበት በኮቪድ ጊዜ፣ እስከ 2022 ድረስ፣ አገሪቱ ውስጥ ልጆች ያለ ፎርም በነፃ ይበሉ ነበር። ያኔ ማንም ልመና አላለውም። አዲስ አበባ ላይም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን ቁርስና ምሳ ያበላል። እዚያ ያሉት የእህት የወንድሞቹ ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማሩ ከሆነ እዚያው ነው የሚመገቡት። ወላጆቻቸውን ለማኝ የሚላቸው የለም።

አንድ ነገር ጨምሪለት። ፎርሙ ቢሞላ የልጁ ጓደኞች አያውቁም። የፌዴራል ሕግ በነፃ የሚበላ ልጅ ተለይቶ እንዲታወቅ ማድረግን ይከለክላል። የተለየ ሰልፍ የለም፣ የተለየ ትኬት የለም። ሁሉም የራሱን ቁጥር ያስገባል፣ ያንኑ ትሪ ይዞ ያልፋል። ባለቤትሽ የሸሸው ውርደት በልጁ ላይ የደረሰው ፎርሙ ባለመሞላቱ ነው። ይህን በቁጣ ሳይሆን ሲረጋጋ ንገሪው። የሚሰማሽ ይመስለኛል።

እህትሽ እውነቷን ነው። ሚኒሶታ በ2023 ባወጣችው ሕግ የትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ ለሁሉም ልጅ ነፃ ሆኗል። ካሊፎርኒያ፣ ሜይን፣ ኮሎራዶ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ቬርሞንት፣ ሚሺጋን፣ ማሳቹሴትስ፣ በቅርቡም ኒውዮርክ በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ሚኒሶታ ውስጥ ፊላንዶ ካስቲል የሚባል የካፍቴሪያ ኃላፊ ነበር። ገንዘብ ላጠራቸው ልጆች ከኪሱ ይከፍል እንደነበር የሚያውቁት መስክረዋል። በ2016 መኪናው ውስጥ እንዳለ በፖሊስ ተገደለ። ከሞተ በኋላ በስሙ በተሰበሰበ ገንዘብ የብዙ ልጆች የምሳ ዕዳ ተከፍሏል። ካሸር ሁሉ ትሪ ነጣቂ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው ያነሳሁት። ልጅሽን ያስደነገጠችውም ሴት የታዘዘችውን አድርጋ ይሆናል። ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ የምትጽፊው ደብዳቤ እሷን ለማስባረር አይሁን።

ቨርጂኒያ ለሁሉም ነፃ ካደረጉት ስቴቶች ውስጥ የለችም። ነገር ግን ብዙ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከሆነ ያለ ፎርም ሁሉንም ማብላት የሚያስችል የፌዴራል አሠራር አለ። በአንድ ካውንቲ ውስጥ አንዱ ትምህርት ቤት ነፃ፣ ጎረቤቱ በክፍያ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ባልደረባሽ የነገረችሽ ወሬ መነሻ አለው። በ2019 ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንድ ዲስትሪክት የምሳ ዕዳ ላለባቸው ወላጆች ልጆቻችሁ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ሊወሰዱ ይችላሉ የሚል ደብዳቤ ላከ። አገር ተንጫጫ። የካውንቲው ባለሥልጣናት ራሳቸው ልጅ በምሳ ዕዳ አይወሰድም ብለው ተቃወሙ። ዲስትሪክቱም ይቅርታ ጠየቀ። ልጅሽን በ50 ዶላር የምሳ ዕዳ ማንም አይወስድብሽም። በዚህ እንቅልፍ አትጪ።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። ፎርሙን ዛሬ ሙይ። መብቱ የሚጀምረው ወደፊት ስለሆነ የተጠራቀመው ዕዳ በፎርሙ አይሰረዝም። አንዴ መክፈል ካልቻላችሁ በየወሩ እንከፍላለን በያቸው። ትምህርት ቤቱ ለምሳ ዕዳ የተሰበሰበ መዋጮ እንዳለውም ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ አለ። ከዚያ ለርዕሰ መምህሯ ወይም ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አመልክቺ። በስልክ ብቻ አትተዪው። ቀኑን፣ የሆነውን፣ ልጁ የተባለውን ጻፊ። ከጁላይ 2017 ጀምሮ ማንኛውም ዲስትሪክት ለምሳ መክፈል ያቃተውን ልጅ እንዴት እንደሚያስተናግድ በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ ሊኖረው ይገባል። ቅጂውን ላኩልኝ በይ። የቺዝ ሳንዱቹ የተፈቀደ መሆን አለመሆኑን እዚያ ታያለሽ፤ ይህን የፌዴራሉ ሕግ ለየዲስትሪክቱ ትቶታል። ቢሮ ከተጠራሽ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። ማቅረብ ግዴታቸው ነው፤ ልጅሽን አስተርጓሚ አድርገሽ እንዳትገቢ። ይጠምዱታል ብለሽ አትፍሪ። በወረቀት በጨዋነት የጠየቀችን እናት ልጅ ሰው ተጠንቅቆ ነው የሚይዘው። መልስ ካላገኘሽ የዲስትሪክቱን የምግብ አገልግሎት ቢሮ፣ ከዚያም ስኩል ቦርዱን ጠይቂ።

ልጁ የራሱ ምሳ ዕቃ እያለ አለመብላቱ አሳስቦኛል። የፈራው ምግቡን አይደለም፤ ያንን አዳራሽ ነው። ያዩት ልጆች ያሉበት ቦታ ነው። ስለዚህ «ለምን አትበላም?» እያልሽ አትጫኚው። ዕዳው የእኔና የአባትህ ወረቀት ነው፣ አንተ ምንም አላጠፋህም፣ አስተካክለነዋል በይው። ይህንን አባቱም በራሱ አፍ ቢነግረው ደስ ይለኛል። የትምህርት ቤቱን ካውንስለር ደግሞ ሁለት ነገር ለምኚ። የካፍቴሪያው ኃላፊ ሰው በሌለበት ልጁን ጠርታ ሒሳቡ መስተካከሉን ትንገረው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ ከሚወደው ጓደኛው ጋር አብሮ እንዲሰለፍና አብሮ እንዲቀመጥ ያድርጉለት። ከዚህ ሁሉ በኋላም ምሳ ዕቃው ሳይነካ እየተመለሰ ከቀጠለ ለሕፃናት ሐኪሙ ንገሪው፤ ካውንስለሩም ይህን ይወቅ።