የጋለ ኤሌክትሮን ጉልበቱን ለማን ያስረክባል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በናኖክሪስታል (ጥቂት ናኖሜትር ብቻ በሆነ ደቃቅ ክሪስታል) ውስጥ በብርሃን የተነቃቃ፣ ማለትም የጋለ፣ ኤሌክትሮን ትርፍ ጉልበቱን በምን ያህል ጊዜ ያጣል?

መልስ፦ የየትኛው ናኖክሪስታል? ማዕድኑንና ዲያሜትሩን ሳትነግሩኝ ቁጥር አልሰጥም።

ጥያቄ፦ ካድሚየም ሴሌናይድ፣ 4 ናኖሜትር። ፎኖን ማነቆ ይሆንበታል ሲባል ሰምቼ ነበር።

መልስ፦ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይላል። በትልቅ ክሪስታል ውስጥ የጉልበት እርከኖች የተጠጋጉ ስለሆኑ ኤሌክትሮኑ ለአተሞቹ ንዝረት፣ ማለትም ለፎኖን፣ ጥቂት በጥቂት እየከፈለ ይወርዳል። በናኖክሪስታል ግን እርከኖቹ ይራራቃሉ። አንድ ፎኖን የሚቀበለው 26 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ገደማ ሲሆን፣ ከሁለተኛው እርከን ወደ መጀመሪያው ለመውረድ የሚከፈለው ከ200 በላይ ነው። ስምንትና ከዚያ በላይ ፎኖኖች በአንድ ቅጽበት መገናኘት አለባቸው። ስለዚህ በ1990 አካባቢ ኤሌክትሮኑ ላይኛው እርከን ላይ ታግዶ ይቆያል ተብሎ ተተነበየ። በ1998 ሲለካ ግን ከ1 ፒኮሰከንድ (ከሰከንድ ትሪሊዮንኛ) ባነሰ ጊዜ ወረደ፤ ክሪስታሉ ሲያንስ ጭራሽ ፈጠነ!

ምክንያቱ ሆሉ ነው፤ ሆል ማለት ኤሌክትሮኑ ሲነቃቃ ከኋላው የሚተወው የኤሌክትሮን ጉድለት ነው። የሆል እርከኖች የተጠጋጉ ናቸው። ኤሌክትሮኑ ጉልበቱን በኦዤ ሂደት፣ ማለትም ብርሃን ሳይለቅ በቀጥታ፣ ለሆሉ ያስረክባል፤ ሆሉ ደግሞ ለፎኖን እየዘረዘረ ይከፍላል። ማረጋገጫው በ2008 መጣ፦ ሆሉን ከኤሌክትሮኑ አርቀው፣ ጉልበቱን ሊቀበል የሚችለውን የገጹን ሞለኪውሎች ንዝረትም በወፍራም ቅርፊት ሲከልሉ፣ ቁልቁለቱ ከ1 ናኖሰከንድ (ከ1,000 ፒኮሰከንድ) በላይ ፈጀ።

ሌላ አባል፦ ሆል ከምንል «ቀዳዳ» ብንልስ?

ሦስተኛ አባል፦ ተማሪው ክሪስታሉ የተበሳ ይመስለዋል። «ክፍት ቦታ» ይሻላል።

ሌላ አባል፦ እሱማ አተም የጎደለበት ስፍራ ስም ነው፤ የባሰ ያምታታል።

መልስ፦ እኔ ሆል እላለሁ። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ታዲያ በአጠቃላይ በስንት ጊዜ ያጣል?

መልስ፦ ማዕድኑ? ዲያሜትሩ? ከላይ ያለውን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ የኳንተም ዶት፣ ማለትም እንዲህ ያሉ ናኖክሪስታሎች ያሉበት፣ ቴሌቪዥን ልግዛ?

መልስ፦ የእኔ ሙያ አይደለም።

ጥያቄ፦ እነዚህ ናኖክሪስታሎች ባሉበት ብልቃጥ ላይ ቫዮሌትም አልትራቫዮሌትም ባበራ የሚወጣው ያው ብርቱካናማ ነው። ለምን?

መልስ፦ ጥሩ አስተውለዋል። ብርሃኑን ለመልቀቅ 20 ናኖሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ቁልቁለቱ ከዚያ በፊት አልቋል። ከየትም ከፍታ ቢነሳ የሚያበራው ከታችኛው እርከን ነው።

ጥያቄ፦ ለፀሐይ ኃይል ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ የተለመደው ባለ አንድ መገናኛ የፀሐይ ሴል ከብርሃኑ ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ ሊቀይር የሚችለው ጣሪያ 33 በመቶ ገደማ ነው። ኤሌክትሮኑ ሳይበርድ ቢወጣ ስሌቱ እስከ 66 በመቶ ያደርሳል። ግን ከሆሉ ቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ያለን ጊዜ ደግሞ ያ ከ1 ፒኮሰከንድ ያነሰው ነው።