ወላጆች መልእክታችንን አያነቡም ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ላላየው ሰው በአጭሩ ልድገመው። ሰላሳ የሚሆኑ ልጆች ያሉት የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት ከፍታችኋል። በየሳምንቱ የትምህርት ቤቱን ዜናና የሚመጡትን ዝግጅቶች ረዘም አድርጋችሁ በቴሌግራም ትልካላችሁ፣ ግን ወላጅ አያነብም። ለመጨረሻው ዝግጅት የመጡት ሰባት ቤተሰቦች ብቻ ናቸው። "ጋዜጣ ነገር እንጀምር ወይስ ሰው አልፈለገንም ማለት ነው?" ብለሻል።

ሰውማ ይፈልጋችኋል። ባይፈልጋችሁ ልጁን በየቅዳሜው አያመጣም ነበር። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የቅዳሜ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። መጀመሪያ በወላጅነት፣ ከዛ በአስተማሪነት፣ አሁን ደግሞ መልእክቶቹ የሚያልፉት በእኔ እጅ ነው። አንቺ የጻፍሽው ችግር እኛን ሦስት ዓመት ሙሉ አታክቶናል። የተለወጠው ዜናውን ከእኛ እጅ አውጥተን ለልጆቹ የሰጠናቸው ጊዜ ነው።

ሚኒ ሚዲያ ታስታውሻለሽ? አገር ቤት የተማረ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ሰልፍ ላይ ወይም በእረፍት ሰዓት ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል፣ ከዛ አንድ ልጅ ጉሮሮውን ጠርጎ የትምህርት ቤቱን ዜና ያነባል። እኔ ደሴ ስማር የክበቡ አባል ነበርኩ። እናቴ ስብሰባ የሚባል ነገር አትወድም፣ የወላጆች ቀን ሲደርስም ሁሌ ሥራ ነበረባት። አንድ ዓመት ግን "እኔ ነኝ የማነበው" አልኳትና ነጠላዋን አጣፍታ ከሁሉም ቀድማ መጥታ ፊት ለፊት ተቀመጠች። የመጣችው ለትምህርት ቤቱ አልነበረም፣ የእኔን ድምፅ በማይክ ልትሰማ ነው። እዚህ መልእክታችን አልሰማ ሲለን ያ ቀን ትዝ አለኝ።

አሁን እንዲህ ነው የምንሠራው። በየቅዳሜው ሁለት ልጆች ተረኛ ናቸው። አንዱ ዛሬ የሆነውን ይናገራል፣ ሌላው የሚመጣውን። ትምህርቱ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው በስልክ እንቀዳቸዋለን። ሁለቱ ተደምረው ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጡም። እሁድ ማታ፣ ሰው ቤቱ ሲገባ፣ ድምፁን እንልካለን። ድምፅ የሆነበት ምክንያት አለው። የእኛ ወላጆች ግማሹ ኡበር ይነዳል፣ አንዳንዱ ኤርፖርት ፓርኪንግ ነው፣ እናቶቹ ብዙዎቹ የሌሊት ተረኛ ሆነው የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ይሠራሉ። ረጅም ጽሑፍ መሪ ይዞ አይነበብም። ድምፅ ግን ይሰማል፣ ያውም የገዛ ልጅ ድምፅ ሲሆን ሦስቴ ይሰማል፣ ለአገር ቤትም ይላካል። ደግሞ እዚሁ ያደጉ ወላጆች አሉ፣ አማርኛ ይናገራሉ እንጂ ፊደል አያነቡም፤ ለእነሱ የእናንተ ረጅም መልእክት ዝግ ደብዳቤ ነው። ከድምፁ ሥር ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ብቻ በሁለት መስመር አማርኛ፣ በሁለት መስመር እንግሊዝኛ እንጽፋለን። በቃ።

ያልጠበቅነው ጥቅም ደግሞ ትምህርቱ ላይ መጣ። ዜና ያለፈ ነገር ነው፣ የሚመጣው ዝግጅት ገና ያልሆነ ነው። ልጆቻችን የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። 231ዱን ፊደል ከነቅርጹ ሸምድደው "ትናንት እንሄዳለን" የሚሉ ልጆች ነበሩን። አንዱ ሴት አያቱ ከአዲስ አበባ መምጣታቸውን ሲያበስር "አያቴ መጣ" አለ። "መጣች" ነው ብለን አረምነው፣ ከዛ ደግሞ አያት ስለሆኑ "መጡ" ይባላል ብለን እንደገና አረምነው፣ ልጁ ግራ ገባው። ይህንን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሰንጠረዥ ስናስተምር አንድም ልጅ አልያዘውም። ዜና ሲያዘጋጁ ግን "ባለፈው ቅዳሜ መጡ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጣሉ" እያሉ በየሳምንቱ ይመላለሱበታል፣ ስሜት አለውና ይይዙታል። የሳምንቱ ዜና ዋናው የሰዋስው ትምህርታችን ሆኗል ብልሽ ማጋነን አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጽሑፉን አዋቂ አይጻፍላቸው። እኛ መጀመሪያ ላይ ጻፍንላቸውና የስምንት ዓመት ልጅ "በዓሉ በደማቅ ሁኔታ ተከብሮ ውሏል" እያለ ያነብ ጀመር። ወላጁ ያንን ሲሰማ የአስተማሪውን አፍ ነው የሚሰማው። አሁን ልጁ በራሱ አፍ ይናገር፣ እኛ የምናርመው ሦስት ስህተት ብቻ ነው አልን። ያለፈው የእንቁጣጣሽ ዜና እንዲህ ነበር፦ "አበባ ሳልን። ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። እኔ ሁለት በላሁ። ዳቦው አለቀ።" ይቺን ያልሰማ ቤተሰብ አልነበረም።

ዓይን አፋር ልጅ ካለ አታስገድዱት። አንዲት ልጅ ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ አንድ የአማርኛ ቃል አልወጣትም። ተራዋ ሲደርስ ቤትሽ ቅጂና ላኪው አልናት። ላከችው። ከጀርባ የአያቷ ድምፅ "በይ ደግሞ ስለ ቡናውም ንገሪያቸው" ሲል ይሰማል። አልቆረጥነውም፣ እንዳለ ላክነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አያቷ ራሳቸው መጡ፣ ከዛ ወዲህ አልቀሩም።

አሁን ወደ ቀንና ሰዓት ልምጣ፣ ምክንያቱም ሰባት ቤተሰብ ብቻ የመጣው ሌላው ስላልፈለገ ላይሆን ይችላል። እኛ አንድ ጊዜ "ቅዳሜ 4 ሰዓት" ብለን ጻፍን። ግማሹ በእኛ አቆጣጠር ገምቶ ጠዋት መጣ። ሌላው ስልኩ ላይ እንደሚያየው አስቦ ከሰዓት በኋላ በአሜሪካኖቹ 4 ሲደርስ መጣ፣ ልጆቹን የሐበሻ ልብስ አልብሶ። እኛ ያኔ አዳራሹን ጠርገን ቁልፍ መልሰን ነበር። የአንዲት ትንሽ ልጅ ፊት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ከዛ ወዲህ "ጠዋት 4 ሰዓት፣ በአሜሪካ 10:00" ሳይባል አንድም መልእክት አይወጣም። ልጁም ሲቀዳ ሁለቱንም ይናገራል፣ የስድስት ሰዓት ልዩነቱን በዛው ይማራል።

ቀኑም እንደዛው ነው። ብዙ ሰው መስከረም 1 ሁሌ ሴፕቴምበር 11 ይመስለዋል። አይደለም። ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን ወደ 12 ትሄዳለች። የ2016 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። የሚቀጥለው እንዲህ ያለ የ2020 እንቁጣጣሽ ነው፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 እሁድ ይውላል። አዳራሽ ዓመት ቀድማችሁ የምትከራዩ ከሆነ ይህንን አሁኑኑ ያዙት። በዛ ዓመት መስቀል ወደ ሴፕቴምበር 28፣ ጥምቀት ወደ ጃንዋሪ 20 ይገፋል። ገና ግን ጃንዋሪ 7 እንደሆነ ይቆያል፣ የሚለወጠው በእኛ ቀን ነው፣ ታኅሣሥ 28 ላይ ይውላል። ዓድዋ ደግሞ ምንም ቢሆን የካቲት 23 ማርች 2 ነው። በጥምቀት ሰሞን ቅዳሜ ዝግጅት አትያዙ። የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን በጃንዋሪ ሦስተኛው ሰኞ ስለሆነ ረጅሙ የእረፍት ቀን እዛው አካባቢ ነው፣ ሰው ወይ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይ መንገድ ላይ።

ጾሙንም አስቡ። በዚህ በ2018 ሁዳዴና ረመዳን የገቡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። የዓድዋ ዝግጅታችን በሁለቱም ጾም መሀል ወደቀ። ሙስሊም ቤተሰቦቻችን ቀኑን ሙሉ አይበሉም፣ ክርስቲያኖቹ ደግሞ ከጾም ምግብ ውጭ አይነኩም። እንደ ልማዳችን ምሳ ብንል ኖሮ ግማሹ ቤተሰብ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ስለዚህ ምሳውን ተውነው። ልጆቹ ታሪኩን አቀረቡ፣ ለሁሉም በፌስታል ቴምርና ዳቦ ሰጥተን ቤታችሁ በሰዓታችሁ ብሉት አልናቸው። ይህንንም ቀድመን በልጆቹ ድምፅ ተናግረን ነበር። ከሙስሊም ቤተሰቦቻችን አንድም አልቀረም። አንድ አባት ሲያመሰግን እንባው መጣ። መልእክት ውስጥ "አንተንም አስበናል" የሚል ነገር ሲኖር ሰው ይሰማዋል።

ገንዘብ። ይህ ከባዱ ነው፣ ግን በአጭሩ ልንገርሽ። ምናልባት ወላጆች መልእክታችሁን የማይከፍቱት የገንዘብ ጥያቄ ስለሚመስላቸው ነው። የኛ እንደዛ ነበር። ዜና ጀምረን መጨረሻው ላይ "የዚህ ወር ክፍያ ያልከፈላችሁ" እንል ነበር። አሁን ለይተነዋል። ስለ ገንዘብ የሚጽፈው ገንዘብ ያዣችን ብቻ ነው፣ በወር አንዴ፣ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ተገዛ። የአዳራሽ ኪራይ፣ ደብተር፣ የፊደል ገበታ፣ የቡና ስኳር ሳይቀር ይጻፋል። የከፈሉትንና ያልከፈሉትን ስም ግሩፕ ላይ በፍጹም አታውጡ፣ ከዛ በኋላ ሰውየው ልጁን ይዞ ይቀራል።

ፎቶም እንደዛው ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ከበጎ ፈቃደኞቻችን አንዱ የልጆችን ፎቶ ሳያስፈቅድ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። አንዲት እናት በግል ጉዳይ ምክንያት የልጇ ፊት እንዲታይ አትፈልግም ነበር፣ በጣም ተጎዳች፣ ልክም ነበረች። አሁን ምዝገባ ላይ እያንዳንዱን ወላጅ እንጠይቃለን፣ ከግሩፑ ውጭም ምንም አይወጣም።

ጋዜጣ እንጀምር ወይ ላልሽው፣ ጋዜጣ አትጀምሩ። ሁለት ወር ትሠሩትና ይደክማችኋል። ይልቅ አንድ ገጽ ወረቀት አትሙ፣ የዓመቱ ዝግጅቶች በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፉበት፣ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ። ጠርዙን ልጁ ራሱ አደይ አበባ ይሳልበት። ልጅ የሳለው ወረቀት አይጣልም።

ድምፁም ወረቀቱም የማይደርሳቸው ቤተሰቦች ይኖራሉ። ለነሱ የዕድርን መንገድ ተከተሉ። ዕድር ማስታወቂያ ለጥፎ አይቀመጥም፣ ጥሩምባ ነፊው በየደጁ ይዞራል። እኛም ቤተሰቦቹን በሰፈር ከፋፍለን ለአንድ በጎ ፈቃደኛ አምስት አምስት ሰጠን። ከትልቅ ዝግጅት በፊት ሐሙስ ማታ ይደውላል። "ትመጣላችሁ?" ብሎ አይጠይቅም፣ "ልጅሽ ቅዳሜ የምታነበው ምን እንደሆነ ነገረችሽ?" ነው የሚለው። ይቺ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ አላት፣ ሁለቱም ወደ አዳራሹ ያመጣሉ።

ስለ ቡና አንድ ነገር ላክልና ልጨርስ። አያቶችን ለማምጣት ቡና ጥሩ ነው፣ ግን በኪራይ አዳራሽ ውስጥ አትቁሉ፣ ዕጣንም አታጭሱ። እኛ ቆልተን የእሳት አደጋ ደወሉ ጮኸ፣ ልጆቹን በብርድ ወደ ውጭ አወጣን፣ አከራዮቹም ተቆጡ። ቤት ቆልታችሁ በፔርሙስ አምጡት፣ ረከቦቱንና ስኒውን ግን እዛው ዘርጉት።

የእንቁጣጣሹን ዝግጅት ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ለልጆቹ አከፋፍሏቸው፣ በሐምሌ አገር ቤት ለሚሄዱት ግን ከመሄዳቸው በፊት ስጧቸው፣ የሚያነቡትን ይዘው ይሂዱ። እኛ ተረኛ የምናወጣበት ሠንጠረዥና ልጆቹ የሚሞሏት ትንሽ ቅጽ አለችን፣ "ምን ሆነ? ማን መጣ? ምን ይሆናል? መቼ?" የሚሉ አራት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው ያሏት። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። የመጀመሪያውን ቅጂያችሁንም ላኪልኝ፣ የልጆቻችሁን ድምፅ ብሰማ ደስ ይለኛል።