ተክሊል ልትፈጽሙ ነው? እንግዲያው ጠይቁኝ

ከባለቤቴ ጋር በካቶሊክ ቁምስናችን (አጥቢያችን) የጋብቻ ዝግጅት ትምህርት ማገዝ ከጀመርን ቆየን። ካህን አይደለሁም፣ የቀኖና ሕግ ባለሙያም አይደለሁም። ግን ከቆሞሱ (የቁምስናው ኃላፊ ካህን) ቢሮ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ተራ የሚጠብቁ እጮኛሞች ሹክ የሚሉኝን ጥያቄ በደንብ አውቀዋለሁ። «ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ» ብዬ ነበር፤ ላካችሁ። እነሆ መልሱ።

ሠርጋችን ከሦስት ወር በኋላ ነው። አዳራሽ ይዘናል፣ ካርድም አሳትመናል። ካህኑን መቼ እናናግር?

ትናንት! ቀልዴን አይደለም። ብዙ ሰው አዳራሹን ይይዝና ቤተክርስቲያኑን በመጨረሻ ያስታውሳል። አንዳንድ ሀገረ ስብከት ስድስት ወር፣ አንዳንዱ አንድ ዓመት ቀድማችሁ እንድትመጡ ይጠይቃል። ትምህርቱ አለ፣ ወረቀቱ አለ፣ ፈቃድ የሚያስፈልገው ጉዳይ ካለ ደግሞ ወደ ጳጳሱ ቢሮ ደርሶ ይመለሳል። ነገ ጠዋት ሂዱ፤ ቀኑ ሊገፋ እንደሚችል ግን አስቡበት።

የጥምቀት ወረቀቴ ከልጅነቴ ጀምሮ እጄ ላይ አለ። ለምን «አዲስ አምጪ» ይሉኛል? መጠመቄ አያረጅ!

መጠመቅሽ አያረጅም፣ ወረቀቱ ግን ያረጃል። ነገሩ እንዲህ ነው። በተጠመቅሽበት ቁምስና መዝገብ ላይ ስምሽ የተጻፈበት መስመር አለ። ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ከዚያ በኋላ የሆነው ይጻፋል፦ ሜሮን መቀበልሽ፣ ማግባትሽ፣ የምንኩስና ስዕለት ገብተሽ ከሆነም እሱ። ወንድ ከሆነ ክህነቱም እዚያው ይሰፍራል። የዛሬ ሃያ ዓመት የወጣው ወረቀት ይህን ሊነግረን አይችልም። ለዚህ ነው አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር ያልበለጠ የሚጠየቀው። ስታገቢም ማስታወሻው ወደዚያው መዝገብ ይላካል።

ምክር ልጨምር። ወረቀቱ እጅሽ እንደገባ ስሙን ፊደል በፊደል አንብቢው። የእኔ ሲመጣ የአባቴ ስም አንድ ፊደል ጎድሎት ነበር። ለአንዲት ፊደል ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ።

ሜሮን አልተቀበልኩም። ማግባት አልችልም ማለት ነው?

በምሥራቅ ሥርዓት (ለምሳሌ በእኛ ግዕዝ ሥርዓት) የተጠመቀ ካቶሊክ ሜሮንን ከጥምቀት ጋር አብሮ ስለሚቀበል ጥያቄው አይነሳም። በላቲን (በሮማው) ሥርዓት ግን ከባድ ችግር ከሌለ አስቀድሞ መቀበል ያስፈልጋል። ሜሮን አለመቀበል ግን ጋብቻውን አያፈርሰውም። ቶሎ ለካህኑ ንገር፣ ጊዜ ካለ አብሮ ይስተካከላል። ንስሐና ቁርባንም ከሠርጉ በፊት በብርቱ ይመከራል። ንስሐውን ግን እባካችሁ ለሠርጉ ዋዜማ ሌሊት አታቆዩት።

ካህኑ እኔንና እጮኛዬን ለየብቻ አስገብተው ጠየቁን። እሱ «ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ?» ብሎ ተቀየመ። ምን ፈልገው ነው?

አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈልጉት፦ «አዎ» የምትሉት ከልባችሁ መሆኑን። በካቶሊክ ቤተክርስቲያን አስተምህሮ ጋብቻን ጋብቻ የሚያደርገው የሁለቱ ፈቃድ ነው። ኬኩም ቬሎውም ቢቀር ጋብቻ ይሆናል። ፈቃዱ ከሌለ ግን ሺህ ሰው ቢያጨበጭብም ጋብቻ የለም።

ለየብቻ የሚጠየቀው ሰው እጮኛው አጠገቡ ተቀምጦ «ቤተሰቦቼ አስገድደውኝ ነው» ሊል ስለማይችል ነው። ከዚህ በፊት አግብተህ ነበር? ግፊት ያደረገብህ አለ? የደበቅከው ከባድ ነገር አለ? እስከ ዕድሜ ልክ መሆኑን ትቀበላለህ? ልጆችስ? እነዚህ ናቸው ጥያቄዎቹ። «ሥራ ካገኘ»፣ «ውጭ ከወሰደኝ» ብሎ ወደፊት በሚሆን ነገር ላይ የታሰረ «አዎ»ም ጋብቻውን ዋጋ ያሳጣዋል። ለእጮኛሽ እንዲህ በይው፦ ፖሊስ ጥፋተኛ ነው የሚፈልገው፤ እዚህ የሚፈለገው ነፃ ሰው ነው።

በዚያ ክፍል ውስጥ አልቅሳ ወጥታ ሠርጉን የሰረዘች ልጅ አውቃለሁ። ካርዱ ተበትኖ ነበር። ዛሬም ድረስ ትክክል ሠርታለች እላለሁ።

እጮኛዬ ካቶሊክ አይደለም። መለወጥ አለበት?

የለበትም። ግን ሁለት ነገር አታምታቱ። በሌላ ቤተክርስቲያን የተጠመቀ ክርስቲያን ከሆነ የጳጳሱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጋብቻውም እንደ ጥምቀትና ቁርባን ሁሉ ምሥጢር ነው። ያልተጠመቀ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሙስሊም፣ ፈቃድ ብቻ አይበቃም። አለመጠመቁ በሕጉ ማሰናከያ (ጋብቻን የሚከለክል ነገር) ስለሆነ ከዚያ ነፃ የሚያደርግ ውሳኔ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ጋብቻው አይጸናም። በዚያ ውሳኔ የተፈጸመው ጋብቻ እውነተኛ ጋብቻ ነው፣ ምሥጢር ግን አይባልም።

በሁለቱም ቃል የምትገቢው አንቺ ነሽ፦ እምነትሽን እንደማትተዪ፣ ልጆችሽ ተጠምቀው በካቶሊክ እምነት እንዲያድጉ የምትችዪውን ሁሉ እንደምታደርጊ። እሱ አይፈርምም፤ ቃል መግባትሽን ግን እንዲያውቅ ይደረጋል። ኦርቶዶክስ ከሆነ የእሱም ቤተክርስቲያን የራሷ ሕግ ስላላት እዚያም ጠይቁ።

«የምትችዪውን ሁሉ» ማለት እሱ እምቢ ቢልስ?

ከአቅምሽ በላይ የሆነውን አትጠየቂም። ግን ይህን ወሬ ልጁ ከተወለደ በኋላ አትጀምሩት። አሁን፣ ቁጭ ብላችሁ፣ ስልክ አጥፍታችሁ ተነጋገሩ።

የሚያጋባን ካህኑ ነው አይደል? ዲያቆን ቢያጋባንስ?

ቆንጆ ጥያቄ ነው። በላቲን ሥርዓት ምሥጢሩን እርስ በርስ የሚሰጣጡት ሙሽሮቹ ናቸው። ካህኑ ፈቃዳቸውን በቤተክርስቲያን ስም ጠይቆ ይቀበላል። ስለዚህ ሥልጣን የተሰጠው ዲያቆንም ይችላል። በምሥራቅ ሥርዓት ግን የካህኑ ቡራኬ ግድ ነው፤ ዘውዱም የሚጫነው በዚያ ሥርዓት ነው። ከሁለት አንዳችሁ የምሥራቅ ሥርዓት ከሆናችሁ ዲያቆን አይበቃም። ይህን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2016 ዓ.ም. (እንደ ጎርጎርዮሳውያን) በላቲኑ ሕግም ላይ በግልጽ አስገብተውታል።

በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመን ሁለት ልጆች ወልደናል። አሁን ወደ ቤተክርስቲያን ብንመጣ ያፍሩብናል?

ማን አባቱ ነው የሚያፍርባችሁ? ኑ። ትልቅ ድግስ አያስፈልግም፤ ካህኑ፣ ሁለት ምስክርና እናንተ ትበቃላችሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የድሮውን ወረቀት ማስባረክ አይደለም። አዲስ ፈቃድ ነው የምትሰጡት፣ እንደ አዲስ «አዎ» ትላላችሁ። ልጆቹንም ይዛችሁ ኑ፣ ቀለበቱን እነሱ ያቅርቡ።

በፍርድ ቤት ተፋትቻለሁ። እንደገና በቤተክርስቲያን ማግባት እችላለሁ?

የፍርድ ቤት ፍቺ በቤተክርስቲያን ፊት ያለውን ትስስር አይፈታም። የተለመደው መንገድ የቤተክርስቲያን ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጋብቻ ከጅምሩ ጸንቶ እንደሆነ እንዲመረምር መጠየቅ ነው። ይህ ፍቺ አይደለም፤ «የነበረው ፈረሰ» ሳይሆን «ከመጀመሪያውም አልጸናም» የሚል ፍርድ ነው። ድሮ ሁለት ተመሳሳይ ፍርድ ይጠየቅ ነበር። በ2015 (እንደ ጎርጎርዮሳውያን) ሕጉ ተሻሽሎ ይግባኝ ከሌለ አንዱ በቂ ሆኗል። ውጤቱ አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ ፍርዱ ሳይሰጥ የሠርግ ቀን አትቁረጥ፣ ለአዲሷ እጮኛህም ስትል።

ሐኪም መውለድ እንደማልችል ነግሮኛል። ይህ ጋብቻን ይከለክላል?

አይከለክልም፣ እህቴ። መውለድ አለመቻል ማሰናከያ አይደለም። ጋብቻውን ዋጋ የሚያሳጣው ልጅን ሆን ብሎ ከጋብቻው ማስወጣት፣ ወይም መውለድ አለመቻልን ከእጮኛ ሸሽጎ በማታለል ማግባት ነው። ንገሪው። ከባድ ምሽት ይሆናል፣ አውቃለሁ።

ሚዜዬ ካቶሊክ አይደለችም፤ ምስክር መሆን ትችላለች? በጾምስ ማግባት ይቻላል?

ትችላለች። ምስክሮቹ ሁለት ይሁኑ፣ የሚሆነውን የሚረዱ ይሁኑ። በላቲን ሥርዓት በዐቢይ ጾም ማግባት ይቻላል፤ ድምቀቱ ግን ረገብ ይላል። በስቅለት ዓርብና በቅዳሜ ሹር አይሆንም። የምሥራቅ ሥርዓቶች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ቆሞሱን ጠይቂ።

መሐላውን በቃሌ መያዝ አለብኝ? መርሳቴ አይቀርም፤ ፈሪ ነኝ።

የለብህም። በላቲን ሥርዓት ከመጽሐፉ ማንበብ ትችላለህ፣ ወይም ካህኑ በጥያቄ መልክ ያቀርብልህና ትመልሳለህ። ባለፈው አንዱ ሙሽራ በቃሌ ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። «እኔ…» አለና የራሱ ስም ጠፋበት። ሙሽሪት ጠጋ ብላ ሹክ አለችው። ቤተክርስቲያኑ በሳቅ ሞላ፣ ካህኑም ፊታቸውን በመጽሐፉ ከለሉ። ጋብቻው ጸንቷል።