ለስግድ (የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ የጾምና የጸሎት በዓል) ሰሞን የፊልም ፌስቲቫል፦ ቅዳሜ ማታ ስንት ሰዓት እንጀምር? በስግድ ዕለትስ ማሳየት ይቻላል?

ቅዳሜ 19፡30 ጀምሩ፤ ከዚያ አታስቀድሙ። በኖቬምበር አጋማሽ እስራኤል ውስጥ ኔታንያ ከተማ ላይ ሰንበት የሚወጣው 17፡20 ገደማ ነው። የቀረው ሁለት ሰዓት ትርፍ እንዳይመስላችሁ፤ በሰንበት መኪና የማይነዳው ሰው ከቤቱ የሚነሳው ገና ያኔ ነው።

ድምፁንና ምስሉን ሐሙስ ማታ፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ፕሮጀክተር ሞክራችሁ ጨርሱ። ሰንበት ሳይወጣ መሣሪያ ሲበራ ወይም ቲኬት ሲሸጥ ከታየ ቄሶቹና ሽማግሌዎቹ ይቀሩባችኋል፤ ፌስቲቫሉ ደግሞ ያለ እነሱ ጎዶሎ ነው።

በስግድ ዕለት ግን ባታሳዩ ይሻላል። ስግድ ከዮም ኪፑር (የአይሁድ የስርየት ቀን) በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በአይሁድ አቆጣጠር ሔሽቫን 29 ይውላል። ጾሙ የሚፈታው ከቀትር በኋላ ነው፤ በዓሉ ወደሚከበርበት ኮረብታ፣ ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ፣ የወጣው ሰው በአውቶቡስ እስኪመለስ ይመሻል፣ ደክሞታልም። ቀኑ ቅዳሜ ላይ ሲወድቅ በዓሉ ወደ ሐሙስ ይቀደማል፤ በ2024 እንዲሁ ሆኗል። እና አዳራሽ ከመከራየታችሁ በፊት የዚያን ዓመት ቀን አረጋግጡ።

አንድ ነገር አደራ፦ በአማርኛው ፖስተር ላይ «7፡30» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። ለእናቶቻችን 7፡30 ማለት ከቀትር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ በሩ ዝግ ነው። «ከምሽቱ 1፡30»ን በትልቁ፣ ከሥሩ 19፡30ን ጻፉ፤ ስልክ የምትደውሉላቸውንም በአፍ «ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል» በሏቸው።