በኪንግ ቀን ከልጆች ጋር ምን እንሥራ?

እህቴ፣ «በማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ልጆቼ ትምህርት የላቸውም፤ ቤት ከመዋል ሌላ ምን እናድርግ?» ብለሻል። እኔ በጎ ፈቃድ ሥራ ውሰጃቸው እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካ ኮንግረስ ቀኑን በሕግ የአገልግሎት ቀን አድርጎታል። ሕጉን ካቀረቡት አንዱ በጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል የኪንግ ጓድ የነበሩት ጆን ሉዊስ ናቸው።

ለጀማሪ የምግብ ባንክ፣ ማለትም ለችግረኞች ምግብ የሚያከፋፍል ድርጅት፣ ይሻላል። ልጆች የታሸጉ ምግቦችን መለየትና ካርቶን መሙላት አያቅታቸውም። ግን ቀደም ብለሽ ደውዪ፤ ቦታው ቶሎ ይሞላል፣ የዕድሜ ገደብ ያላቸውም አሉ።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን ስለ ሜምፊስ ከተማ ንገሪያቸው። ዶክተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1968 የተገደሉት እዚያ ነው። የሄዱትም አድማ የመቱ የጽዳት ሠራተኞችን ለመደገፍ ነበር። ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ክብር ሲሟገቱ ነው የሞቱት! ብዙ ልጅ «ሕልም አለኝ» የሚለውን የዋሽንግተኑን ንግግር ያውቃል፤ ይህንን ግን የሚነግረው የለም።

ጥምቀትም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ሰሞን ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ሲሰበሰብ ለመጠለያዎች ኮት፣ ጓንትና ካልሲ ማሰባሰብ ትችላላችሁ። አስተዳዳሪውን ከአሁኑ አናግሪያቸው። ካልሲው ብቻ አዲስ ይሁን።