መልስ፦ የጃፓን ትናንሽ ጭነት መኪኖች ሞተር ለምን 660 ሲሲ ላይ ቆመ?

ወንድሜ፣ ከ660 ሲሲ ያላለፉት ቴክኖሎጂ አንሷቸው አይደለም። ሕጉ ነው። ጃፓን "ኬ" የሚባለውን የቀላል መኪና ምድብ ያወጣችው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ አልነበረም። እዚህ ምድብ የገባ መኪና ደግሞ ግብሩ ይቀንሳል። ምድቡ የሚፈቅደው የሞተር መጠን ጣሪያ በ1950ዎቹ አጋማሽ 360፣ በ1976 550፣ በ1990 660 ሲሲ ሆነ። እዚያው ቀረ።

እኔ በጣም የምወደው በ1961 የወጣውን ሱባሩ ሳምባር የተባለ ትንሽ ጭነት መኪና ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ከጭነቱ ሥር ነው። ስለዚህ ባዶውን ጭቃ ውስጥ ቢገባም የኋላ ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል። ሞተሩ ከኋላ እንደሆነው የፖርሽ ስፖርት መኪና ስለሆነ፣ እዚያ አገር "የእርሻ መንገድ ፖርሽ" ይሉታል። ሆንዳም ለገበያ ያወጣት የመጀመሪያዋ ባለአራት ጎማ መኪና ቲ360 የምትባል ትንሽ የጭነት መኪና ናት፣ በ1963።